የተሸራረፈ የትርፍ ሰዓት ክፍያን ከአሠሪ ማስመለስ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሠራተኞች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ወሩ ሲያልቅ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው የምሽት ሚኒባስ ውስጥ የሐረጎ ዳገት እስኪያልቅ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ስንት ገባልሽ?» «ትርፍ ሰዓቱን አስበውልሃል?» መልሱም አይለወጥም፦ «የሆነ ነገር ጨምረዋል፤ እንዴት እንዳሰቡት ግን አላውቅም።» ይህን መመሪያ የጻፍሁት ለዚያ «አላውቅም» ነው።

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የደመወዝ ክፍል ለአምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራውን ስረከብ የተሰጠኝ የኤክሴል ሠንጠረዥ ትርፍ ሰዓትን የሚያሰላው በቆየ ቀመር ነበር፤ እኔም ሳልመረምረው ለወራት ተጠቀምሁበት። አንዲት የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ ባለ 50 ገጽ ደብተር ይዛ መስኮቴ ላይ ባትቆም ኖሮ በዚያው እቀጥል ነበር። በየቀኑ የገባችበትንና የወጣችበትን ሰዓት በእስክሪብቶ መዝግባለች። «ወንድሜ፣ ይህን ከማሽናችሁ ጋር አስተያይልኝ» አለችኝ። አስተያየሁት። ከአንድ ቀን በስተቀር ሁሉም ገጠመ፤ በዚያ ቀን ደግሞ መብራት ጠፍቶ የአሻራ ማሽኑ አልሠራም ነበር። የእርሷ ሰዓት ትክክል ነበር። የተሳሳተው የእኔ ስሌት ነበር። ከዚያ ወዲህ የደመወዝ ወረቀታቸውን ይዘው የሚመጡ ሠራተኞችን ሁሉ ቁጭ ብዬ አብሬያቸው አሰላለሁ፤ እዚህ የምጽፈውም ከዚያ የተማርሁትን ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ይርጋውን (መብት የሚጠየቅበትን የጊዜ ገደብ) ቁጠሩ

ብዙ ሰው መጀመሪያ ማስረጃ፣ ቀጥሎ ጠበቃ፣ በመጨረሻ ጊዜ ያስባል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄውን ገንዘቡ መከፈል ከነበረበት ቀን አንስቶ በስድስት ወር ውስጥ ማቅረብ አለበት። ካለፈ በይርጋ ይታገዳል። ሰዓቱን መሥራታችሁን አሠሪው ራሱ ቢያውቅም እንኳ «በይርጋ ታግዷል» ብሎ መከራከር ይችላል።

የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚከፈለው በደመወዝ መክፈያ ቀን ስለሆነ እያንዳንዱ ወር የራሱ ቆጠራ አለው። የኅዳር ወር ትርፍ ሰዓት ኅዳር 30 መከፈል ከነበረበት ቆጠራው ግንቦት 30 ላይ ያበቃል። ሰኔ ላይ ክስ የሚያቀርብ ሠራተኛ ኅዳርን አጥቷል፤ ታኅሣሥ ግን ገና አለለት። አንድ ወር በዘገያችሁ ቁጥር ከኋላ አንድ ወር ይቆረጣል። «ሥራውን ስለቅ በአንድ ጊዜ እጠይቃለሁ» ብለው ሦስት ዓመት የጠበቁ ሰዎች አጋጥመውኛል። ከሦስት ዓመት ልፋት በእጃቸው የቀረው የመጨረሻው ስድስት ወር ብቻ ነው፤ ይህን ለሰው መንገር እስካሁን አልለመደልኝም።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚጎዳ አንድ ስሕተት አለ። ለአሠሪው ደብዳቤ መጻፍ ቆጠራውን አያቆመውም። ቆጠራውን የሚያቋርጠው ጉዳዩ የሥራ ክርክርን ለሚወስን አካል፣ ማለትም ለፍርድ ቤት፣ ሲቀርብ፣ ወይም አዋጁን ለሚያስፈጽመው የመንግሥት የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ሲቀርብ፣ ወይም ደግሞ አሠሪው ራሱ ዕዳውን በግልጽ ሲያምን ነው። ስለዚህ የሰው ሀብት ኃላፊው «እናውቃለን፣ በጀት ሲለቀቅ እንከፍላለን» ካላችሁ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። በቃል ብቻ የሚሰጥ ተስፋ ስድስቱን ወር ሊበላባችሁ ይችላል።

ከስድስት ወር በላይ የቆየ ገንዘብ ካላችሁም ስሌቱን በተለየ ገጽ ሥሩትና ያዙት። ይርጋን መቃወሚያ አድርጎ ማንሣት ያለበት አሠሪው ነው። በድርድር ጊዜም ያ ገጽ ይጠቅማል።

አዋጁ ይመለከታችኋል?

በፋብሪካ፣ በሆቴል፣ በጋራዥ፣ በግንባታ፣ በንግድ ቤትና በጭነት አገልግሎት የተቀጠረ ሠራተኛ፣ ቋሚም ይሁን ጊዜያዊ፣ በአዋጁ ይሸፈናል። የጽሑፍ ውል ባይኖራችሁም አትፍሩ፤ የቃል ውል ውል ነው። መታወቂያው፣ የባንክ ሒሳቡና የሥራ ባልደረባው ምስክርነት ቅጥሩን ያስረዳሉ። የመንግሥት ሠራተኞችና የቤት ሠራተኞች ከዚህ አዋጅ ውጪ ናቸው። የሥራ መሪም እንዲሁ። ነገር ግን «ሱፐርቫይዘር» ወይም «ኃላፊ» የሚል ማዕረግ ብቻውን የሥራ መሪ አያደርግም። የሥራ መሪ የሚባለው የድርጅቱን ፖሊሲ የሚያወጣና የሚያስፈጽም ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድና የማሰናበት ሥልጣን ያለው ሰው ነው። አሥር ሰው እያሰለፈ ከእነርሱ ጋር ማሽን ላይ የሚቆም የፈረቃ ተጠሪ እንዲህ ያለ ሥልጣን ከሌለው የትርፍ ሰዓት መብቱ አይቀርም።

ትርፍ ሰዓት የሚባለው የትኛው ነው?

መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ በአሠሪው ትእዛዝ የተሠራው ትርፍ ሰዓት ነው። ነገር ግን ጥያቄያችሁ እንዳይበላሽ ሦስት ነገር አጣሩ።

አንደኛ፣ ቅዳሜን አሳጥሮ ሰዓቱን ወደ ሌሎቹ ቀናት የሚያከፋፍል ድርጅት አለ። ከሰኞ እስከ ዓርብ 9 ሰዓት፣ ቅዳሜ 3 ሰዓት ከሆነ ድምሩ 48 ነው። ሕጉ የቀኑ ሰዓት ከ8 ቢበዛ እስከ 2 ሰዓት እንዲያልፍ ስለሚፈቅድ ያ ዘጠነኛ ሰዓት ትርፍ አይደለም። ሁለተኛ፣ የሌሊት ፈረቃ ብቻውን ትርፍ ሰዓት አይደለም፤ 8 ሰዓቱን ሌሊት የሠራ ሰው መደበኛ ሰዓቱን ነው የሠራው። ትርፍ የሚሆነው ከ8 ሰዓቱ ያለፈው ነው። ሦስተኛ፣ ሥራ የማትሠሩበት የምሳ ሰዓት ከሥራ ሰዓት አይቆጠርም፤ ማሽኑ ሳይቆም ቆማችሁ የምትበሉ ከሆነ ግን ሠርታችኋል፣ ጻፉት።

ሠራተኛን ትርፍ ሰዓት ማስገደድ አይቻልም። የሚቻለው አሠሪው ሌላ መፍትሔ በማያገኝባቸው ጊዜያት፣ ለምሳሌ አደጋ ሲደርስ ወይም ሲያሠጋ፣ ከዐቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ፣ ወይም ሳይቋረጥ በሚሠራ ሥራ ላይ የቀረ ሠራተኛን ለመተካት ነው። ያም ሆኖ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ አይችልም። ከዚህ ጣሪያ በላይ ሠርታችሁ ከሆነ ጣሪያውን ያለፈው አሠሪው ነው፤ ያንኑ ሰዓትም ጨምራችሁ ጠይቁ።

ስሌቱ፦ ገንዘቡ የሚጠፋበት ቦታ

ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ ከተቻለ ወረቀትና የስልክ ማስያ ይዛችሁ። አሠሪ ሁሉ ሆን ብሎ አያጎድልም። ሆን ተብሎም ይሁን በስንፍና፣ ገንዘቡ የሚሸራረፈው ሦስት ቦታ ላይ ነው፦ ማካፈያው ላይ፣ ማባዣው ላይና ሰዓቱ ላይ።

ማካፈያው የአንድ ሰዓት ደመወዛችሁን የሚወስነው ቁጥር ነው። በሳምንት 48 ሰዓት በ52 ሳምንት ስታባዙ በዓመት 2,496 ሰዓት ይመጣል። ለ12 ወር ሲካፈል በወር 208 ይሆናል። ስለዚህ የወር ደመወዛችሁን ለ208 አካፍሉ። አንዳንድ ድርጅት ግን 30 ቀን በ8 አባዝቶ ለ240 ያካፍላል። በወር 30 ቀን ሙሉ 8 ሰዓት የሚሠራ ሰው የለም፤ ሕጉ በየሰባቱ ቀን ቢያንስ 24 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍት አዟል። ማካፈያው በጨመረ ቁጥር የሰዓቱ ዋጋ ይቀንሳል፤ የቀነሰውም በእያንዳንዱ ትርፍ ሰዓት ላይ ይደጋገማል። የድርጅታችሁ መደበኛ ሳምንት ከ48 ሰዓት ያነሰ ከሆነ ማካፈያው ከ208ም ዝቅ ይላል።

ለስሌቱ መሠረት የምትይዙት ደመወዙን ነው። የበረሃ አበል፣ ቦነስ፣ ኮሚሽንና የመሳሰለው በአዋጁ ከደመወዝ ትርጉም ውጪ ነው። አበሉን ደምሮ ያሰላ ሠራተኛ ፍርድ ቤት ቀርቦ ቁጥሩ ሲቀነስበት ሌላው ጥያቄው ሁሉ ተጠራጣሪ ያገኛል።

ማባዣው በአዋጁ አንቀጽ 68 ተጽፏል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተሠራው በ1.75። በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2። በሕዝብ በዓል ቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ2.5። ከዚህ የተለየው በሕዝብ በዓል ቀን የሚሠራው መደበኛ 8 ሰዓት ነው፤ እርሱ ለእያንዳንዱ ሰዓት በ2 ተባዝቶ ይከፈላል። ዒድም ይሁን ጥምቀት ልዩነት የለውም። በዓሉ ከእሑድ ጋር ቢገጥም ሁለቱ ተደምረው አይከፈሉም።

በፊት ሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ለቀን ትርፍ ሰዓት 1.25፣ ለሌሊት 1.5 ነበር የሚከፍለው። እኔ የተረከብሁት ሠንጠረዥ የያዘው ይህንኑ አሮጌ ቁጥር ነበር። አዋጁ ተለውጦ ቀመሩን የነካው ሰው አልነበረም። ስለዚህ የክፍያ ወረቀታችሁ ላይ 1.25 የሚል ካያችሁ ምንጩን ከወዲሁ እወቁት።

አሁን በቁጥር እንየው። የወር ደመወዝዋ 5,200 ብር የሆነ ሠራተኛ እንውሰድ። ለ208 ሲካፈል የአንድ ሰዓት ዋጋዋ 25 ብር ነው። በአንድ ወር ውስጥ በቀን ጊዜ በድምሩ 24 ሰዓት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ 10 ሰዓት፣ በሁለት እሑዶች ደግሞ 16 ሰዓት ትርፍ ሠራች፤ ድምሩ 50 ሰዓት ነው። የቀኑ 24 በ37.50 ተባዝቶ 900 ብር። የሌሊቱ 10 በ43.75 ተባዝቶ 437.50። የእሑዱ 16 በ50 ተባዝቶ 800። ሊከፈላት የሚገባው 2,137.50 ብር ነው።

ድርጅቱ ግን ደመወዟን ለ240 አካፍሎ 21.67 አደረገው፤ 50ውን ሰዓት ሁሉ ሳይለይ በ1.25 አባዝቶ 1,354.17 ብር ከፈላት። የጎደለው 783.33 ብር ነው። እንዲህ ያለ ስድስት ወር ካለፈ ወደ 4,700 ብር ይጠጋል፤ አንድ ወር ያህል ደመወዝ ማለት ነው። እርሷ ግን ወረቀቷ ላይ «ትርፍ ሰዓት» የሚል መስመርና ከሺህ በላይ የሆነ ብር ስላየች የተከፈላት ይመስላታል። ከጭራሹ ያልተከፈለ ገንዘብ ይታያል፤ የተሸራረፈ ግን ተሸፍኖ ያልፋል።

ስታወዳድሩ ያልተቆረጠን ካልተቆረጠ ጋር አወዳድሩ። ትርፍ ሰዓት ግብር ይቆረጥበታል፤ በእጅ የደረሰውን ከላይ ካለው ስሌት ጋር ካስተያያችሁት የሌለ ጉድለት ታገኛላችሁ።

ማስረጃ፦ ሰዓቱንና ትእዛዙን

ሕጉ ትርፍ ሰዓት በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ እንዲሠራ ይላል፤ ትእዛዙንና እያንዳንዱ ሠራተኛ የሠራውን ሰዓት መመዝገብም የአሠሪው ግዴታ ነው። በተግባር ግን ችሎት ፊት ቆሞ «ሠርቻለሁ፣ ታዝዣለሁ» የሚለው ሠራተኛው ስለሆነ ማስረጃውን አስቀድሞ መሰብሰብ የሚኖርበት እርሱ ነው።

ክርክራችሁ ስለ ተሸራረፈ ክፍያ ከሆነ ግን አንድ ትልቅ ነገር በእጃችሁ አለ። ድርጅቱ «50 ሰዓት ትርፍ» ብሎ በመክፈያ ወረቀቱ ላይ ከጻፈ ሰዓቱንም ትእዛዙንም አምኗል። የሚቀረው ክርክር ስለ ስሌት ብቻ ነው፤ ስሌት ደግሞ በምስክር አይሸነፍም። ስለዚህ የክፍያ ወረቀታችሁን አትጣሉ። በስልክ ፎቶ አንሡት፣ ዋናውንም አስቀምጡ። ወረቀት የማይሰጥ ድርጅት ከሆነ የደመወዝ መዝገቡን ለማየትና የተጻፈው እንዲብራራላችሁ የመጠየቅ መብት በአንቀጽ 60 ተሰጥቷችኋል።

በዚያው አንቀጽ ውስጥ እያንዳንዱ ሠራተኛ በቃሉ ሊይዘው የሚገባ ነገር አለ። መዝገቡ ላይ ያለውን ገንዘብ ሳይቃወሙ ፈርሞ መቀበል የቀረውን መብት መተው ማለት አይደለም። «ፈርመሃል እኮ» የሚለው ቃል ስንቱን ሰው ከመስኮቱ እንደመለሰ በዓይኔ አይቻለሁ። ፈርማችኋል። የፈረማችሁት የተቀበላችሁትን ለመቀበላችሁ ነው።

ከመክፈያ ወረቀቱ ሌላ የሚረዱት እነዚህ ናቸው፦ የፈረቃ ድልድሉ፣ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ፣ የፈረቃ ኃላፊው በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት የላከው «ነገ እሑድ ሁላችሁም ትገባላችሁ» የሚለው ቃል፣ የበር ጥበቃው መዝገብ፣ የምርት መቁጠሪያ ወረቀቱ፣ ሠራተኛ የሚያመላልሰው ሰርቪስ የወጣበት ሰዓት። ፎቶ ስታነሡ ቀኑ እንዲታይ አድርጉ። ከባንካችሁ ደግሞ ማኅተም ያለበት የስድስት ወር የሒሳብ መግለጫ አውጡ። የድርጅቱን ፋይል ሰርቆ ማውጣት ግን አያስፈልግም፤ ፍርድ ቤት እንዲያስቀርበው የሚጠየቅበት መንገድ አለ፣ ከዚህ በታች እመጣበታለሁ።

ከሁሉም በላይ ደብተር ያዙ። ቀን፣ የገባሁበት፣ የወጣሁበት፣ ያዘዘኝ ሰው፣ የሠራሁት ሥራ፤ በቃ። በየቀኑ የሚጻፍ ደብተር በአንድ ሌሊት ተቀምጦ ከተጻፈ ደብተር በዓይን ይለያል፤ ቀለሙ ይለያያል፣ የድካም እጅ ይታይበታል። ዛሬ ጀምሩ። ደብተሩን የሥራ ቦታ ሣጥን ውስጥ አታስቀምጡት፤ ቤት ይደር።

ምስክር ስትመርጡ ጉዳያችሁን የሚያውቀውን ሁሉ አትቁጠሩ። ከእናንተ ጋር በአንድ መስመር ላይ የቆመ፣ ሲታዘዝ በጆሮው የሰማ፣ ስትወጡ አብሮ የወጣ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይበቃል። «ሲባል ሰምቻለሁ» የሚል ምስክር ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም።

ለአሠሪው የሚጻፈው ደብዳቤ

ደብዳቤው ቆጠራውን ባያቆምም መጻፍ አለበት። ብዙ ጉዳይ እዚህ ያልቃል፤ ባያልቅም መጠየቃችሁን ያሳያል። ቁጣ አይጻፍበት። ቁጥር ይጻፍበት። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል። ጉዳዩ፦ ተጓድሎ የተከፈለኝ የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንዲሟላልኝ ስለመጠየቅ። እኔ በማሸጊያ ክፍል በወር ብር 5,200 ደመወዝ የምሠራ ሠራተኛ በጥር ወር 50 ሰዓት ትርፍ ሰዓት መሥራቴ በደመወዝ መክፈያ ሰነዱ ላይ ተረጋግጧል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 68 መሠረት ብር 2,137.50 ሊከፈለኝ ሲገባ የተከፈለኝ ብር 1,354.17 ነው። ልዩነቱ ብር 783.33 በሚቀጥለው የደመወዝ መክፈያ ቀን እንዲከፈለኝ፣ የማይከፈለኝ ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ዝርዝር ስሌቱን አያይዣለሁ።»

ሁለት ኮፒ አዘጋጁ፤ አንዱን ሰጥታችሁ በሌላው ላይ የተቀበለው ሰው ስም፣ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ይኑር። አልቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ላኩትና ደረሰኙን ያዙ። መልስ የምትጠብቁት ለአንድ የደመወዝ ቀን ብቻ ይሁን፤ የስድስቱ ወር ቆጠራ እየሄደ ነው።

«ይህን ብጠይቅ ያባርሩኛል» የሚለው ፍርሃት ከባድ ነው፤ የቤት ኪራይ ያለበትን ሰው «አትፍራ» ብሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም። ሕጉ የሚለው ግን ይህ ነው፦ ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ወይም በክስ ተካፋይ መሆኑ ውሉን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት አይሆንም። በዚህ ምክንያት የተሰናበተ ሰው ወደ ሥራ እንዲመለስ መጠየቅ ይችላል፤ ለዚያ ግን ያለው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነው። ደብዳቤው ከመሰናበታችሁ በፊት መድረሱን የሚያሳየው የተፈረመ ኮፒ ለዚህ ክርክርም ዋና ማስረጃ ይሆናል። ብቻችሁን ከምትሄዱ አምስት ስድስት ሆናችሁ ብትጠይቁ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ቀመሩ ለአንዱ ከተሳሳተ ለሁሉም ተሳስቷልና። የእያንዳንዱ ሰው ስሌት ግን በየራሱ ገጽ ይሁን።

የሠራተኛ ማኅበርና የመንግሥት መሥሪያ ቤት

ማኅበር ካላችሁ ለሊቀ መንበሩ ኮፒውን ስጡ፤ የኅብረት ስምምነቱንም፣ ማለትም ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር የተዋዋለውን፣ ጠይቃችሁ አንብቡ። ከአዋጁ የተሻለ ማባዣ የያዘ ስምምነት ሊኖር ይችላል፤ ያን ጊዜ የምትጠይቁት በስምምነቱ ነው። ከአዋጁ ያነሰ የሚሰጥ ውል ግን፣ «ደመወዙ ትርፍ ሰዓትን ይጨምራል» የሚለውን ጨምሮ፣ አያስራችሁም።

ማኅበር ከሌለ ወይም ካልረዳ በከተማችሁ ያለውን የሥራና ሥልጠና መሥሪያ ቤት ሂዱ፤ ሰዉ በቆየው ስሙ «ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ» የሚለው ነው። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ድርጅቱ ሄደው መዝገብ የማየት ሥልጣን አላቸው። አቤቱታችሁን በጽሑፍ አቅርቡ፤ የገቢ ቁጥርና ቀን የተጻፈበት ኮፒ ሳትይዙ አትውጡ። ይርጋውን ለማቋረጥ የሚያገለግላችሁ ያ ቁጥር ነው። ገንዘቡን እንዲከፍል በፍርድ የሚያዝዘው ግን ይህ መሥሪያ ቤት አይደለም፤ የግል የክፍያ ክርክር የሚዳኘው በፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ስለዚህ «ነገ ኑ» ሲበዛ እዚያ አትቆዩ።

ፍርድ ቤት

ክሱ የሚቀርበው በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ባለው የመጀመሪያ ደረጃ ሥልጣን ባለው ፍርድ ቤት ነው። አቤቱታው አጭር ይሁን፦ ማን እንደሆናችሁ፣ መቼና በስንት ደመወዝ እንደተቀጠራችሁ፣ በየትኛው ወር ስንት ትርፍ ሰዓት እንደሠራችሁ፣ ምን ያህል እንደተከፈላችሁ፣ ምን ያህል እንደጎደለ፣ ምን እንዲወሰንላችሁ እንደምትጠይቁ። ስሌቱ ወር በወር በሠንጠረዥ ይያያዝ። ዳኛው ማካፈያውን፣ ማባዣውንና ሰዓቱን በአንድ እይታ ማየት አለበት።

የማስረጃ ዝርዝሩ ውስጥ በእጃችሁ ያለውንና በአሠሪው እጅ ያለውን ለዩ። የደመወዝ መዝገቡ፣ የአሻራው መረጃና የፈረቃ ድልድሉ በድርጅቱ እጅ እንደሚገኙ ጻፉና በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 145 መሠረት ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብላችሁ አመልክቱ። ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው አቤቱታ ላይ አድርጉት፤ በኋላ «አስቀድሞ አልተጠየቀም» የሚል መቃወሚያ እንዳይመጣ።

ጠበቃ ለመያዝ ዐቅም የሌላችሁ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ስለሚሰጠው ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ። ሲሄዱ ስሌታቸውን ጨርሰው የሚሄዱ ሰዎች ፈጥነው ይስተናገዳሉ።

ከአሠሪው የሚመጣውን መልስ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ከአራት አይዘልም። «በይርጋ ታግዷል» ይላል፤ ወር በወር የቆጠራችሁት ሠንጠረዥና የመሥሪያ ቤቱ የገቢ ቁጥር ይመልሱታል። «አላዘዝንም» ይላል፤ ራሱ የከፈለው ከፊል ክፍያና የቴሌግራሙ መልእክት ይመልሱታል። «ፈርሞ ተቀብሏል» ይላል፤ አንቀጽ 60ን አንሡ። «የሥራ መሪ ነው» ይላል፤ መቅጠርና ማሰናበት እንደማትችሉ የሥራ መዘርዝራችሁን አሳዩ።

ሕጉ ችሎቱ ክሱ በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ይላል። ቀጠሮ ሊራዘም ይችላልና የእያንዳንዱን ቀጠሮ ቀን በስልካችሁም በደብተራችሁም ጻፉ፤ በመቅረት የሚዘጋ መዝገብ ብዙ ነው። በውሳኔው ቅር የተሰኘ ወገን በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል።

ሥራውን ለቃችሁ ከሆነ ሌላም የምትጠይቁት አለ። ውሉ ከተቋረጠ በኋላ ደመወዝና ከርሱ ጋር የተያያዘ ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። አሠሪው ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ እንዲከፍል ሊያዝዝ ይችላል። ይህን ዳኝነት ካልጠየቃችሁ አይሰጣችሁም፤ በአቤቱታው መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ጻፉት።

እርቅና አፈጻጸም

በክርክሩ መሐል «እንስማማ» የሚል ጥሪ ይመጣል። ጥሩ ነው፤ ሂዱ። ነገር ግን ገንዘቡ ሳይገባ «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ስምምነቱ መጠኑንና የክፍያውን ቀን ይግለጽ፤ ክሱ ተከፍቶ ከሆነም ለችሎቱ ቀርቦ ይመዝገብ። የተመዘገበ ስምምነት ካልተፈጸመ እንደ ፍርድ ያስፈጽማል፤ ካፌ ቁጭ ተብሎ የተጻፈው ግን ሌላ ክስ ይፈልጋል። ወደፊት የሚሠራው ሰዓት በትክክለኛው ቀመር እንዲከፈልም በስምምነቱ ውስጥ አስገቡ፤ አለበለዚያ በሚቀጥለው ወር እንደገና ትጀምራላችሁ።

ተፈርዶላችሁ አሠሪው ካልከፈለ የውሳኔውን ትክክለኛ ግልባጭ ማኅተም ተደርጎበት አውጡና የአፈጻጸም መዝገብ ክፈቱ። የድርጅቱን የባንክ ሒሳብ፣ ተሽከርካሪ ወይም ሌላ ንብረት የምታውቁትን ያህል በማመልከቻው ላይ ጥቀሱ፤ ፍርድ ቤቱ እንዲያዝ የሚያዝዘው ያወቀውን ነው። ደመወዛችሁ ከየትኛው ባንክና ቅርንጫፍ እንደሚላክ ከሒሳብ መግለጫችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። ገንዘቡ ሲገባ ከፍርዱ መጠን ጋር አስተያዩና፣ ከጎደለ መዝገቡ ከመዘጋቱ በፊት የቀረውን በጽሑፍ አመልክቱ።